የተቆረጠው ይቅርታ

ሰውየውን ሽቦ የሚሉት እንደ ሽቦ ቀጭን ስለሆነ ይሁን ወይም ሥራው ሽቦ መጎተት ስለሆነ እሱ ራሱም አያውቅም። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ኦፕሬተር ናት፤ ከዚያ ወዲያ እናቱ ያወጣችለት ስም ከመታወቂያው ላይ በቀር የትም አልታየም። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ ሰላም ሲል እንኳ ሰው ያስቸገረ የሚመስለው ሰው ነው። ጠብ አይወድም። ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲነጋገሩ ከሰማ ጥግ ጥጉን ይዞ እንደ ድመት ሹልክ ይላል። መመሪያው "ዝም አይነቅዝም" ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ ዕድሉ ጎትቶ አንድ ሕንፃ ሙሉ ኩርፊያ ውስጥ የከተተው።

መሥሪያ ቤቱ የሕንፃ ዲዛይን ድርጅት ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ መሐንዲሶቹና ነዳፊዎቹ ይቀመጣሉ፤ ፊታቸው የተደቀኑት ኮምፒውተሮች ዩኒክስ በሚባለው ሥርዓት የሚሠሩ፣ እንደ ብረት ሣጥን የከበዱ፣ ማራገቢያቸው ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም ናቸው። ምድር ቤት ደግሞ ሰነድ ክፍል አለ። እዚያ ያሉት ተራ ፒሲዎች ናቸው፤ ጸሐፊዎቹ ደብዳቤና የሥራ መግለጫ ይተይቡባቸዋል፣ ጎናቸው ላይም የልጆቻቸውን ፎቶ ለጥፈውባቸዋል። ሁለቱ ዓይነት ማሽኖች አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። ከላይ የመጣ ዲስኬት ታች ሲከተት ፒሲው፣ ይህ ዲስኬት ምንም አልተጻፈበትም፣ አጽድቼ ላዘጋጀው ወይ ብሎ ይጠይቃል። አንዲት ጸሐፊ በቅን ልቦና እሺ ብላው የአንድ ክሊኒክ ጣሪያ እንዳለ ጠፍቷል።

የማሽኖቹስ ይሁን፤ የባሰው የሰዎቹ ነበር። የላይኛው ፎቅ አለቃ መሐንዲሷና የምድር ቤቱ አለቃ አርታኢው የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እሷ ታላቅ፣ እሱ ታናሽ። እሷ አጭር፣ ፈጣን፣ ቃል የምትቆጥብ፤ እሱ ግዙፍ፣ ዘገምተኛ፣ እያንዳንዱን ቃል አላምጦ የሚያወጣ። ድሮ እትዬ ነበር የሚላት፤ ከተኳረፉ በኋላ ግን "የላይኛዋ መሐንዲስ" ሆነች። እሷም "ታች ያለው ሰውዬ" ትለዋለች። የልጆች ልደት ላይ እንኳ አንድ ገበታ ቀርበው ጨው የሚቀባበሉት በሦስተኛ ሰው በኩል ነው።

የጠቡ ምክንያት ምሰሶ ነው። መሐንዲሷ የአንድ ትምህርት ቤት ሕንፃ መግለጫ ጽፋ ወደ ታች ላከች። አርታኢው ሲያነበው አንድ ገጽ ላይ ምሰሶ፣ ምሰሶ፣ አሁንም ምሰሶ እያለ ጆሮውን ደበደበው። ጽሑፍ እንዲህ አይደርቅም አለና የመጀመሪያውን ምሰሶ ተወት አድርጎ ቀጣዩን "ዓምድ" አለው፤ ከዚያ "ቋሚ" መጣ፤ ገጹ ሊያልቅ ሲል፣ ሞቅ ብሎት በነበረ ሰዓት፣ አንዱን "ዋልታ" አደረገው። ሥራ ተቋራጩ ሰነዱን ይዞ ስብሰባ ላይ ተነሣና፣ ፕላኑ ላይ የማየው ምሰሶ ብቻ ነው፤ ዓምዱ፣ ቋሚውና ዋልታው የት የት እንደሚቆሙ ይነገረኝ አለ። መሐንዲሷ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የምትገባበት ጠፋት። ስትመለስ ወንድሟን ይቅርታ ጠይቀኝ አለችው። እሱም፣ ቋንቋው የእኔ ሙያ ነው፣ አንቺ ሲሚንቶሽን ያዢ አላት። በቃ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ደረቀ።

ሥራ አስኪያጁ መሐል ፎቅ ላይ የሚቀመጥ፣ ከላይም ከታችም ክስ ሲወርድና ሲወጣበት የሚውል ምስኪን ሰው ነው። አንድ ቀን ውጭ ስብሰባ ውሎ ኔትወርክ ስለሚባል ነገር ሰምቶ መጣ። ኮምፒውተሮቹ ከተገናኙ ሰዎቹ መገናኘት ላያስፈልጋቸው ነው ብሎ ተደሰተ፤ ሽቦንም የቀጠረው ለዚሁ ነው። ሥራው ባጭሩ እንዲህ ነበር፦ ከላይኞቹ የዩኒክስ ማሽኖች አንዱን አገልጋይ፣ ማለትም ሰርቨር፣ አድርጎ፣ እሱ ላይ አንድ የጋራ ፎልደር ከፍቶ፣ ፎልደሩ ታች ላሉት ፒሲዎች የራሳቸው ዲስክ መስሎ እንዲታያቸው ማድረግ። ሽቦ ኮርኒስ ውስጥ እየገባ፣ አቧራ ለብሶ እየወጣ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ከረመ።

ቤት ሲገባ እናቱ፣ ምን ብትሠራ ነው እንዲህ ጣሪያ ሥር የከረመ አይጥ የምትመስለው አለችው። ኮምፒውተር ብሎ ከጀመረ ነገሩ እንዳይረዝምበት "ሁለት የማይግባቡ ወገኖች አሉ፤ እነሱን አግባባለሁ" አላት። እናቱ ልጄ አስታራቂ ሆኖ ተቀጠረ ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አዳረሰች። በዚያው ሰሞን በልብስ ማስጫ ገመድ የተጣሉ ጎረቤታሞች ሽቦን ፍለጋ በሩን አንኳኩ። ሽቦ ድምፃቸውን ሲሰማ መኝታ ቤቱ ገብቶ ቆለፈ። እናቱ ሻይ አቀረበችላቸውና ጉዳዩን እያሰበበት ነው አለቻቸው። ሰዎቹ ሻያቸውን እየጠጡ ሲጠብቁ፣ ይህ ልጅ ምን ያህል ዓይን አፋር ቢሆን ነው እያሉ ሲገረሙ፣ ከዚያም ስለ ሌላ ሌላው ሲጫወቱ ገመዱን ረስተው ተሳስቀው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የእናቱ ኩራት ልክ አጣ።

የጋራው ፎልደር ሲከፈት ሽቦ ያሰበው ሰላም አልመጣም። ዩኒክስ ትልቁን ፊደልና ትንሹን ፊደል ለይቶ ያያል፤ ፒሲው ግን ሁለቱም አንድ ናቸው ባይ ነው። ነዳፊዎቹ አንዱን ፎቅ በትልቅ ፊደል፣ ሌላውን ፎቅ ያንኑ ስም በትንሽ ፊደል ሰይመውት ኖሮ፣ ታች ያሉት አንዱን ብቻ እያዩ፣ ሕንፃው ፎቅ ጎድሎታል ብለው ከሰሱ። ይህ ሲስተካከል ሌላ መጣ። አገልጋዩ ከፒሲ የሚመጣውን ሰው ማንነት ስለማያውቅ ፋይሉን ሁሉ "ማንም" ማለት በሆነ የእንግሊዝኛ ስም ይመዘግበው ነበር። መሐንዲሷ ይህን አይታ፣ የማንም ፋይል አልቀበልም ብላ በሽቦ በኩል መልእክት ላከችበት። አርታኢው ይህ ሲደርሰው ወንበሩ ላይ እንዳለ ተነፋ።

"እኔ ማንም ነኝ?" አለ።

ሽቦ እየተርበተበተ፣ እዚህ ላይ ማንም ማለት ስድብ ሳይሆን የኮምፒውተር ነገር መሆኑን አስረዳው። አርታኢው ረጋ ብሎ አዳመጠና፣ በዚህ ቋንቋ ውስጥ የማንም መባል ስድብ ያልሆነበትን አንድ ቦታ አሳየኝ አለው። ሽቦ ሲሮጥ ወጥቶ ለምድር ቤቱ ሰው ሁሉ በየስሙ መግቢያ ሠራ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሥራው መልክ መያዝ ሲጀምር ነው ዋናው ነገር የመጣው። ምድር ቤት የአዲሱን ቤተ መጻሕፍት ፕላን በጉጉት ይጠብቅ ነበር፤ ያለ ፕላኑ መግለጫው አይጻፍም። መሐንዲሷ ግን የድሮው ነገር አገርሽቶባት፣ በፕላኑ ፈንታ ባዶ ፋይል ከፍታ የጋራው ፎልደር ውስጥ አስቀመጠች። መልእክቷ ያለው ስሙ ላይ ነበር። በየቃሉ መሐል ሰረዝ እየጎተተች "ይቅርታ የማይጠይቅ ሰው ከእኔ ፕላን አይጠብቅ" ብላ ሰየመችው።

ዩኒክስ ረጅም ስም አይፈራም። የዚያን ጊዜው ፒሲ ግን ከስምንት ፊደል በላይ ስም መሸከም አይችልም። ስለዚህ የሽቦ አገልጋይ ረጅም ስም ባገኘ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን ስድስት ፊደላት ያስቀርና ሌላውን ቆርጦ በምትኩ አንድ ጠመዝማዛ ጭረትና የአንድ ቁጥር ይለጥፋል። የፋይል ስም የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በላቲን ፊደል፣ መሐንዲሷ እንደምትጽፈው ከሆነ፣ "ይቅርታ" ልክ ስድስት ፊደል ይወስዳል።

ሽቦ ወደ ምድር ቤት ሲጠራ ሌላ ክስ መስሎት ነበር። አርታኢው በሩን ዝጋው አለው። መነጽሩን አውልቆ በእጁ ይዟል፣ ዓይኑ ቀላ ብሏል።

"ይህን ያስቀመጠው ማነው?" አለና ስክሪኑን አሳየው።

"መሐንዲሷ ናቸው።"

"ራሷ?"

"ራሳቸው።"

አርታኢው ፋይሉን ከፈተው። ባዶ ነው። ባዶውን ገጽ ግጥም እንደሚያነብ ሰው ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ እንደ ለራሱ፣ ቃል አጠራት፣ ታላቅ ሆና ለታናሽ መጻፍ ከበዳት አለ። ቆየት ብሎም ከይቅርታው ኋላ ያለውን ቁጥር በጣቱ እየነካ፣ አንድ ማለቷ የመጀመሪያው ነው ማለቷ ነው፣ ሌላም ይቀጥላል አለ። ሽቦ የስሙ ጭራ እንደተቆረጠ ገብቶታል፤ ጭራው ምን እንደሚል ግን አላየም። ምናልባት ደኅና ነገር ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና። ዝም አይነቅዝም።

ላይ ወጥቶ ሙሉውን ስም ሲያነብ ግን ክው አለ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አሰበ። ወርዶ እውነቱን ቢናገር የዚያ ግዙፍ ሰው ቅስም ሲሰበር ማየት ሊሆን ነው። ለመሐንዲሷ ቢነግር ደግሞ ስድቧን በግማሽ መንገድ ያስቀረባት እሱ መሆኑን ማመን ሊሆን ነው። ሁለቱንም ፈራና የፕሪንተር ገመድ ሊያጠብቅ ሄደ፤ ገመዱ ግን ጠብቆ ነበር።

በማግሥቱ አርታኢው የራሱን ፋይል አስቀመጠ። ስሙ አንዲት ቃል ብቻ ናት፦ "እትዬ"። አጭር ስለሆነች ምንም ሳይጎድልባት ላይ ደረሰች። መሐንዲሷ ከፍታ ማንበብ እንደጀመረች ፊቷ ተለዋወጠና ሽቦን ጠራችው።

"ና እስቲ እይልኝ። በየመስመሩ መጨረሻ 'ም' እያለ የሚያላግጥብኝ ምንድን ነው?"

እውነትም ነው። እያንዳንዱ መስመር ጫፍ ላይ ባርኔጣ የመሰለች ምልክትና ከአጠገቧ የላቲኑ "ም" ተቀምጠዋል። ገጹን በሙሉ ለሚያይ ሰው፣ አንዱ አኩርፎ በአፍንጫው ም! ም! የሚል ይመስላል። ሽቦ፣ ፒሲው መስመር ሲጨርስ ሁለት ምልክት እንደሚጥል፣ ዩኒክስ ግን አንዷን ብቻ እንደሚያውቅ፣ ትርፏን አውጥቶ እንደሚያሳያት አስረዳ። ወንድምዎ አላሉትም፣ ማሽኑ ነው አላት። ማሽኑም የእሱን ጠባይ ወርሷል ማለት ነው አለችና "ም"ዎቹን እየዘለለች ማንበቧን ቀጠለች።

ደብዳቤው እንዲህ ይል ነበር፦ "እትዬ፣ ይቅርታሽ ደርሶኛል። ታላቄ ሆነሽ ሳለ ቀድመሽኝ መጠየቅሽ አሳፍሮኛል። ምሰሶው ምሰሶ ነበር። ዓምድ ማለቴን አልጸጸትበትም፣ ቋሚውም ይሁን፤ ዋልታው ግን ጥጋብ ነው። ይቅር በይኝ።"

መሐንዲሷ አንብባ ጨረሰች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ሽቦ አዞረች።

"የትኛው ይቅርታ ነው የደረሰው?"

ሽቦ ስለ ስምንት ፊደል ጀመረ፣ ስለ ስድስት ፊደል ቀጠለ፣ ስለ ጭረቷ ሲደርስ ላብ በላብ ሆኗል። መሐንዲስ ናትና ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም።

"እንግዲያ እሱ ያየው 'ይቅርታ' ብቻ ነው።"

"ይቅርታና አንድ ቁጥር።"

"ከዚያስ ባዶውን ፋይል ከፍቶ ምን አለ?"

"ቃል አጠራት አሉ። እንባም አቅርረው ነበር።"

እሷም መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመረች። ሽቦ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ ከጀርባዋ መለየት አልቻለም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ዞር ስትል ፊቷ ቀልቷል። ፋይሉን ቶሎ አጥፋልኝ፣ እሱ ሙሉውን ሳያይ አጥፋልኝ አለችው። ይህን እያለች ሳለ ደረጃው ላይ ከባድ እርምጃ ተሰማ። አንድ ይወጣል፣ ያርፋል፤ አንድ ይወጣል፣ ያርፋል። በዚያ ሕንፃ ውስጥ እንዲህ ደረጃ የሚወጣ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሽቦ ኪቦርዱ ላይ ተደፋ። የፋይሉን ስም ከእነ ሰረዞቹ ጽፎ ማጥፊያውን ሲጫን ማሽኑ እንዲህ ያለ ፋይል የለም አለው። በጥድፊያ የመጀመሪያዋን ፊደል ትልቅ አድርጓታል። እንደገና ጻፈ፤ አሁን ሰረዝ ዘለለ። እርምጃው መተላለፊያው ላይ ደረሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር "ፕላን" የምትለዋን ሁለቴ ጻፋት። እንዲህ ያለ ፋይል የለም። ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተና አርታኢው ገባ።

ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ትንፋሽ ግን የለውም። እጁን አወናጨፈ፣ ቅርቡ ያለውን ወንበር ስቦ ዘፍ አለበት። ወንበሩ ስክሪኑ ፊት ለፊት ነበር። ሽቦ ሊጋርደው ቆመ፤ ነገር ግን እንደ ሽቦ የቀጠነ ሰው ምን ይጋርዳል። አርታኢው በሽቦ ወገብና ክንድ መሐል አሻግሮ ያን ረጅም ስም፣ ሙያው ነውና፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበበው።

ፊቱ ጠቆረ። ተነሥቶ በሩን ወርውሮ ሊወጣ እንደፈለገ ያስታውቅበታል። ግን አልቻለም። ጉልበቱ ገና ከደረጃው አልተመለሰም። ብድግ ሊል ሞከረና ወንበሩ ጮኸ፣ እሱ እዚያው ቀረ። ተቆጥቶ መሄድ የሚፈልግ ሰው፣ መሄድ ሲያቅተው፣ መላ ፎቁ ሥራውን አቁሞ ይመለከተዋል። መሐንዲሷ ከጠረጴዛዋ ላይ ብርጭቆዋን አንሥታ ውኃ አቀረበችለት። ተቀብሎ ጠጣ። ይህ ከኩርፊያው ወዲህ ያለ ሦስተኛ ሰው የተቀባበሉት የመጀመሪያው ነገር ነው።

ውኃውን ሲጨርስ ስሙን እንደገና አነበበው፤ አሁን ግን በአርታኢ ዓይን ነበር።

"ይቅርታ የማይጠይቅ ሰው ከእኔ ፕላን አይጠብቅ" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። በጽሑፍ ነው የጠየቅሁት። በዚህ ዓረፍተ ነገር መሠረት ፕላኑ ይገባኛል።"

"አንተ የጠየቅኸው እኔ የጠየቅሁህ መስሎህ ነው።"

"ዓረፍተ ነገርሽ ምን መስሎት የሚል የለበትም፣ እትዬ።"

መሐንዲሷ ከንፈሯን ነክሳ ኮምፒውተሯ ላይ ተቀመጠችና የቤተ መጻሕፍቱን ፕላን ወደ ጋራው ፎልደር አዛወረችው። ቀጥላ፣ ግን ይህን ሁሉ የምታደርገው ዋልታውን ስላመነ ብቻ እንደሆነ፣ ዓምዱ ገና እንዳልተዘጋ አስታወቀችው። እሱም ዓምድ የሚለውን ቃል መከላከል ጀመረ። ነዳፊዎቹ መጀመሪያ በጸጥታ አዳመጡ፤ በኋላ ማለቂያ እንደሌለው ሲያዩ ወደየሥራቸው ተመለሱ። ሁለቱ እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከሩ፤ ለምሳም እየተከራከሩ አብረው ወረዱ። ሽቦን ያስታወሰው ሰው አልነበረም፤ እሱም በዚህ ቅር አልተሰኘም።

ከዚያ በኋላ አርታኢው አንዲት ቃል በከበደችው ቁጥር ደረጃውን ይወጣ ጀመር። ሰውነቱ ቀነሰ፣ ሱሪው ሰፋ፤ እንዲያውም ሳያርፍ የሚወጣበት ቀን መጣ። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱ አለቆች በጋራው ፎልደር አንድም ፋይል እንደማይለዋወጡ አይቶ፣ ያ ሁሉ ገመድ የተዘረጋው ለምን ነበር ብሎ ሽቦን ጠየቀው። ሽቦ ትንሽ አሰበና፣ ኔትወርኩ በትክክል እየሠራ ነው አለ።

ትንሽ ቆይቶ ረጅም ስም የሚጽፉና የሚያነቡ አዳዲስ ፒሲዎች ታችም መሐል ፎቅም ገቡ፤ የሽቦ አገልጋይ ግን ለሌላው ሰው ስሙን እየቆረጠ ማሳየቱን ገና አልተወም። ሽቦ ካለፈው ተምሮ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት በየፎቁ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ ከሰኞ ጀምሮ የጋራው ፎልደር ውስጥ ያለ የፋይል ስም ሁሉ ታችም ሆነ ላይ ሳይቆረጥ በሙሉ ይነበባል። ከዚያ ክፍሉ ገብቶ አገልጋዩን ተመለከተ። ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ብሎ ነበር። ቀጥሎ አንድ ፋይል ስሙን ቀየረ። ሌላው ተከተለ። ከዚያ ከላይም ከታችም፣ ከነዳፊዎቹም ከጸሐፊዎቹም፣ ስሞች እንደ ቅጠል መርገፍ ጀመሩ፤ "ያ ራስ ወዳድ የላከው" የነበረው "ሪፖርት" ሆነ፣ "ሦስት ጊዜ የነገርኳት" የነበረው "ማሻሻያ" ሆነ። ከሁሉም ብዙ ፋይል ስሙን የቀየረው መሐል ፎቅ ላይ ነበር፤ እዚያ ደግሞ የሚቀመጠው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው። ሽቦ አይቶ እንዳላየ ስክሪኑን አጠፋና ምሳውን ሊበላ ወረደ።